ሩዝ የፎገራን ሰው ጠባይ ይለውጣል?

ስለ አንድ አገር ሰው ጠባይ ስንናገር ፍርዳችን ፈጣን ነው። የእገሌ አገር ሰው ታታሪ፣ ያኛው ቆጥቋጣ፣ ሌላው ደግሞ ለብቻው መኖር የሚወድ እንላለን፤ ለምን ተብለን ስንጠየቅም «ተፈጥሯቸው ነው» ብለን እንዘጋዋለን። የሥነ ልቦና ጥናቶች ግን ይህን መልስ ያጠራጥራሉ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ትስስርና ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚተዳደርበት ሥራም ይቀርጸዋል። ይህን በአገራችን ለመመርመር ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ እዚያ ዋናው ሰብል የተለወጠው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነውና።

ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውን ይህን ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ያጥለቀልቁታል። ድሮ ስሙ የሚነሣው በከብቶቹ ነበር፤ ገበሬውም ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። ሩዝ የተስፋፋው ከደርግ ዘመን ወዲህ ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ከዚያ በኋላ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ሜዳውን አዳረሰው፤ የአካባቢው ከተማ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ሩዝ ጉልበት ይበላል። ውኃ ባቆረ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አረሙን በእጅ መንቀል ነው፤ ከማሳው ጫፍ ደርሰው ሲመለሱ የጀመሩበት ዳር መልሶ በአረም ተይዞ ይቆያል። የአንድ ቤት እጅ ስለማይበቃም ገበሬው ወይ ወንፈል ይገባል ወይ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል።

ቶማስ ታልሄልም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ከ1,100 በላይ ቻይናውያን ተማሪዎችን ፈትኗል። ከባቡር፣ ከአውቶቡስና ከሐዲድ የሚዛመዱትን ሁለቱን ምረጡ ሲባሉ፣ ከስንዴ አገር የመጡት ባቡርና አውቶቡስን ወደ ማጣመር ያደላሉ፤ ሁለቱም መጓጓዣ ናቸውና። ከሩዝ አገር የመጡት ግን ባቡሩን ይበልጥ ከሚሄድበት ሐዲድ ጋር ያገናኙታል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከእርሻው አገኙት፦ የሩዝ እርሻ ከስንዴ እጥፍ ያህል የሥራ ሰዓት ይፈልጋል፤ ውኃው የሚመጣውም በጋራ ቦይ ስለሆነ ከጎረቤት የተጣላ አያመርትም።

ምናልባት ተባባሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው ሩዝን የመረጡት የሚል ይኖራል። ታልሄልም በ2024 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለመለየት በኒንግሺያ ግዛት ያሉ ሁለት የመንግሥት እርሻዎችን አነጻጸረ። ሰዎቹ በምርጫቸው ሳይሆን በመንግሥት ምደባ ግማሾቹ ሩዝ፣ ግማሾቹ ስንዴ አምራች ሆነዋል፤ ልዩነቱ እዚያም ታየ። ጠባይ በዘር ይወረሳል የሚለው ክርክርም እውነት አለው፤ የመንታ ልጆች ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ያሳያሉ። ነገር ግን ይህ የሚነግረን በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ አንዱ ከሌላው ለምን እንደሚለይ ነው፤ የአንዱ አገር ሰው ከሌላው አገር ሰው ለምን እንደተለየ አይነግረንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። የፎገራ ሩዝ የቻይናው ዓይነት አይደለም። በብዛት በብትን ይዘራል፤ ውኃው ዝናብና ጎርፍ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት የሚደራደርበት ቦይ በአብዛኛው የለም። ለአረም የቀን ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ማታ ሒሳቡን ከፍሎ ይለያያል፤ ወንፈል የገባ ግን የሰው ቀን ተበድሯልና መክፈል አለበት። ስለዚህ ሩዝ የዘራ ሁሉ ተባባሪ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። እኔ የማምነው ጠባይን የሚቀርጸው እህሉ ራሱ ሳይሆን የሥራው ጉልበት የሚገኝበት መንገድ መሆኑን ነው። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ኖሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ግለኝነትን ከአማራ ባሕል መለያዎች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። እንደ መንዝ ባለ ደጋ ግን ጥማድ በሬ ያለው ቤተሰብ ማሳውን በራሱ ጉልበት ማረስ ይችላል። ያንን ፍርድ ሳይመረምሩ ወደ ፎገራ ማውረድ የአንድ አካባቢን ኑሮ የሕዝብ ሁሉ ተፈጥሮ ማድረግ ነው።

የጠባይ መለኪያውም ራሱ መፈተሽ አለበት። ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን በ2004 እ.ኤ.አ. 24 የጠባይ ብርታቶችን ዘርዝረዋል፤ ሌሎች ደግሞ የሰውን ጠባይ በአምስት ዋና ዋና መስመሮች ይለካሉ። በቦሊቪያ ቺማኔ በተባሉ ገበሬና አዳኝ ሰዎች ዘንድ ግን አምስቱ መስመሮች አልተገኙም፤ ጎልተው የወጡት ሁለት፣ ለሰው መልካም መሆንና ታታሪነት ናቸው። በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የተሰበሰበ መረጃም የአምስቱ መስመሮች መጠይቅ ፊት ለፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የታለመውን ጠባይ እንደማይለካ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ሰው ለጠያቂው «አዎን» ወደ ማለት ማዘንበሉ ነው። «የጀመርሁትን እጨርሳለሁ» ሲባል አዎን ያለ ሰው «የጀመርሁትን እተዋለሁ» ሲባልም አዎን ካለ፣ የተለካው ጽናቱ ሳይሆን ለእንግዳ ያለው አክብሮት ነው።

በፎገራ እንግዲህ «ተባባሪ ነህ ወይ» ከማለት በአረም ወራት የሆነውን መቁጠር ይሻላል፦ ማን ለማን ወንፈል ገባ፣ ስንት ቀን ተመለሰ፣ በዚያ ሳምንት የታመመ ሰው ማሳ በማን እጅ ታረመ። የሚነጻጸሩትም ተቀራራቢ ማሳ ያላቸው፣ አንዱ በወንፈል ሌላው በቀን ሠራተኛ የሚያሳርሙ ቤቶች ይሁኑ፤ ያለዚያ ሀብት ከጠባይ ጋር ይደባለቃል። ሚስቶችም ከባሎቻቸው ተለይተው ይጠየቁ፤ ጭቃው ውስጥ ቆመው ከሚያርሙት ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው።