ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል

በድሮው ዘመን በወሎ ደጋ፣ እንደ ሌላው የሐበሻ ደጋ ሁሉ፣ በጠዋት የሰው ደጅ የጠና እንግዳ አንዳንድ ቀን ከበር ይመለስ ነበር። "ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል" ይለዋል አሽከሩ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። እንግዳውም ነገሩ በራሱ የደረሰ ነውና "እግዜር ይማራቸው" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ከጓዳ ጌትዮው ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል። ተወቅጦ ሌሊቱን በጠላ ሲዘፈዘፍ ያደረውን አበባ፣ ከነአተላው፣ በባዶ ሆዳቸው ጨልጠውታል። ምሬቱ ገና ከምላሳቸው አልለቀቀም። አንዴ ያቅለሸልሻቸዋል፣ አንዴ ያስሮጣቸዋል። እስኪመሽ ድረስ ሰው ፊት አይቀርቡም። ማታ ላይ በክንድ የሚለካ ነጭ ጥብጣብ ከሆዳቸው ወጥቶ ይገላገላሉ። ሁለት ወር ያህል ደህና ይሰነብታሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የመሰለ ቁራጭ ከልብሳቸው ላይ ሲላወስ ያገኙታል። ጌታዬ እንደገና ኮሶ ይጠጣሉ።

መድኃኒቱ እንደሚሠራ የተጠራጠረ አልነበረም። በሽታው እንደሚመለስም የተጠራጠረ አልነበረም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ ግን የጠየቀ አልተገኘም።

ዛፉ ሩቅ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል በሆነው በደንቆሮ ደን ዓይነት ብርዳማ ደጋ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ኮሶ ይበቅል ነበር። ቀላ ያለ ቅርፊቱ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንዠረገጋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። የወንዴው አበባ ነጣ፣ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ የሴቴው ደም የመሰለ ቀይ ነው። አዋቂዎች የሚያደርቁት ቀዩን ነበር።

አማርኛችንም እዚህ ላይ አንድ ነገር ሠርቷል። ትሉም ኮሶ ነው፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው። በሽታን በመድኃኒቱ ስም የሚጠራ ሕዝብ መድኃኒቱን ምን ያህል ቢለማመደው ነው? ከመለማመዱም የተነሣ ሻጩን ይንቅ ነበር። ካሳ ኃይሉን፣ የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ጠላቶቻቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ራሱ በተማረከ ጊዜ፣ እንደሚተረከው፣ ካሳ እናቴ ሳትሸጠው የቀረ ነው ብለው ኮሶ አቀረቡለት። እኒያው ቴዎድሮስ ከቦረና ደጋ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እናታቸው ሸጠውታል የተባለው አበባ በለንደን በመንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ ከገባ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። እዚያ የደረሰው ግን በቀጥታው መንገድ አልነበረም።

ለአውሮፓ ወሬውን በዝርዝር የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛፉን አየ፣ ሥዕሉን አስነሣ፣ አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጠላ ተዘፍዝፎ እንደሚያድርና የጠጣው ሰው ከወዳጆቹ ተሸሽጎ እንደሚውል ጻፈ። አንድ የሰማው ወሬ ደግሞ አለ፤ ሐበሻ ከአገሩ ርቆ የማይሄደው፣ ቢሄድም ዕድሜው የሚያጥረው፣ በሰው አገር ኮሶ ስለማያገኝ ነው አሉት። ይህንንም ጻፈው። ብሩስ ዛፉን ለታላቁ ወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር "ባንክሲያ" ሊለው ፈለገ። መጽሐፉ በ1790 ሲታተም ግን ያ ስም ለአውስትራሊያ ዛፍ ከተሰጠ ዓመታት አልፈው ነበር። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ዛፉን በሌላ ጀርመናዊ በሃገን ስም "ሃጌኒያ" አለው። የአውሮፓ ሐኪሞች የተጻፈውን አነበቡና ረሱት። ለሠላሳ ዓመት ያህል ማንም አልቀመሰውም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሊቅ አልነበረም፤ የቡና ቤት አስተናጋጅ ነበር።

በ1820ዎቹ መባቻ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ይኖር ነበር። ከሚያዘወትረው ቡና ቤት ያለው አስተናጋጅ ለብዙ ዓመታት በኮሶ ትል የተሠቃየ፣ የታዘዘለትን ሁሉ የሞከረ፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ ሰው ነበር። አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ሐበሻ አገር ተመላልሶ ያውቅ ኖሮ አዘነለት። እዚያ ለዚህ በሽታ አበባ እንዳላቸው፣ ልጁም ከዚያ ሲመለስ ይዞለት እንደሚመጣ ነገረው። ቡና ቤት ከሚወሩት ወሬዎች ስንቱ ባዶ ነው! የሽማግሌው ልጅ ግን መጣ፤ አበባውንም ይዞ መጣ። አስተናጋጁ ጠጣ። ትሉም ወጣ።

ብራዬር ይህን ባየ ጊዜ የተረፈውን ፍርፋሪ ለመነ። ይህ ነው ጎበዝ ሐኪም የሚያሰኘው። ፍርፋሪውን ፓሪስ አደረሰ፤ ኩንት የተባለ የዕፀዋት ሊቅ በማጉያ መነጽር መረመረው። ከጽጌረዳ ወገን መሆኑን ለየ፣ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ዛፍ መሰለውና "ብራዬራ" አለው። ብሩስ የሣለው ያው ዛፍ ነበር። አንድ ዛፍ ሦስት የአውሮፓ ስም አወጣ፤ አበባው ግን ከፓሪስ ሊገኝ አልቻለም።

ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፣ በሸዋ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዳ የነበረ፣ ዕድሉ ታየው። ብዙ ኮሶ ጭኖ ሄደ። በ1850 ገደማ ለንደን ላይ የአንድ አውንስ፣ ማለትም የ28 ግራም፣ ዋጋ 35 ሽልንግ ተባለ። በሐበሻ ገበያ በእፍኝ የሚሰፈር ነገር መሆኑን ያወቀ ሰው ሲስቅ ይታየኛል። ነጋዴው ሲበዛ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ከዋጋው ጋርም እምነቱ። አንዱ ሐኪም ታማሚዬ ዳነ ይላል፤ ሌላው ምንም አላየሁም ይላል። ዕቃው መንገድ ላይ ያረጀ፣ ወንዴው ከሴቴው የተቀላቀለ ነበርና አያስደንቅም። የደንቆሮ ደን አዋቂ በዓይኑ የሚለየውን የፓሪስ ባለ መድኃኒት ቤት ለመለየት ዓመታት ፈጀበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የመጀመሪያው እንቆቅልሽ አልተነካም። ፓሪስ ላይ ጥሩ ኮሶ አንዴ የጠጣ ሰው ድኖ ሲቀር፣ አበባው ከሚለቀምበት አገር ያለው ሰው ለምን በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር?

የመልሱ እኩሌታ ከትሉ ጫፍ ነበር። ጥብጣቡ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ ግን የስፌት መርፌ ጉጥ ቢያህል ነው። በዚያች ራስ ላይ ባሉ አራት መምጠጫዎች አንጀት ላይ ይጣበቃል። ኮሶው ሜትር በሜትር አውጥቶ ራሱን ከተወው፣ የቀረው ራስ አዲስ ጥብጣብ ይፈትላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ቁራጭ መጣል ይጀምራል። ጌታዬ ማታ የሚገላገሉት በሽታውን ሳይሆን ርዝመቱን ነበር ማለት ነው።

     

ሌላው እኩሌታ ከጀርመን መጣ፤ አመጣጡም ይሰቀጥጣል። ኩከንማይስተር የተባለ የሳክሶኒ ሐኪም በአሳማ ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ትንንሽ ከረጢቶች የትል ጽንስ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የሚሰማው አጣ። በ1855 ሞት ለተፈረደበት እስረኛ ከረጢቶቹን ከምግብ ጋር፣ ሳይነግረው፣ አበላው። የሞት ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ አስከሬኑን ከፈተ። ትንንሾቹ ትሎች ከአንጀቱ ተጣብቀው ነበር። ብዙዎች ድርጊቱን አወገዙ፤ ውጤቱን ግን መካድ አልቻሉም። ይህ የአሳማ ትል ነበር። አሳማ የማይበላው የሐበሻ ደጋ ትሉን ከየት ያመጣዋል?

በ1861 ሎይካርት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ከሰው የወጣ የትል ቁራጭ ለጥጃ አበላ። ኋላም ከጥጃው ጡንቻ መካከል ትንንሽ ከረጢቶች ተገኙ። ዙሩ ተገጣጠመ። ሰው ሜዳ ይወጣል፣ ከብት ያንን ሣር ይግጣል፣ ከረጢቱ በሥጋው ይቀመጣል፣ ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ይቆርጣል። ኮሶ ጠጪው የትሉ ራስ ቢወጣለት እንኳ በሚቀጥለው ብርንዶ ሌላ ራስ ይውጥ ነበር። የፓሪሱ ታማሚ ግን ወደ ብርንዶ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ክኒን እስኪመጣ መቶ ዓመት ያህል አለፈ። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል ሲፈልግ ኒክሎሳማይድን አገኘ፤ በ1959 "ባይሉሳይድ" ብሎ ለወንዝና ለኩሬ ሸጠው። ጥቂት ቆይቶ ያው ኬሚካል የኮሶ ትልን እንደሚገድል ታወቀና "ዮሜሳን" በሚል ስም ክኒን ሆነ። በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው ባየ ጊዜ፣ የእንዶድ ተፎካካሪ ሆኖ የቆመው ይኸው ባይሉሳይድ ነበር። አንድ ኬሚካል በወንዝ ከእንዶድ፣ በሆድ ከኮሶ ጋር ገጠመ።

በሆድ በኩል ውድድሩ አጭር ነበር። አራት ክኒን በጠዋት ይታኘካል፤ ጣዕሙ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ ትሉን ኃይል አሳጥቶ ራሱን ከአንጀት ያላቅቃል። ኮሶ መጠኑ በእፍኝ ነው፤ ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ በ1969 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪም ጽፎበታል። አበባው እንደሚሠራ ማንም አልካደም። የተረታው በመጠኑ ነው፤ በራሱም፣ ማለት በትሉ ራስ።

አሽከሩ ከደጅ መቆሙ ቀረ። የመካነ ሰላም ሰውም ከመድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የኮሶ መድኃኒት" ማለት ጀመረ። ባለሙያው ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ሰውየው አኝኮ ዋጠ፣ ፊቱን አላጨማደደም፣ በዚያው ቀን ሥራው ገባ። ፋሲካ ደረሰና ሰፈሩ በሬ ቅርጫ ገባ። ከሻኛው ጥግ ቆረጠ፣ በአዋዜ አጠቀሰ፣ ጎረሰ። ሐምሌ ላይ ያው ሰው ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ተራ ይጠብቅ ነበር።