አንድ መኪና፣ ብዙ ነጂ፦ የቤተ ሰብ ነጂዎችና የመኪና ኢንሹራንስ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው መንገድ ዳገቱ የበረታ ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለስ የአንድ ነጋዴ መኪና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነጂ አለው። በሥራ ቀን ነጋዴው ሸማ ጭኖ ወደ መርካቶ ይወርድበታል፤ ወር በገባ በ21 ቀን ባለቤቱ ማርያምን ለመሳለም ትወጣበታለች፤ ማታ ደግሞ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ልጅ ይነዳዋል። የኢንሹራንሱ ውል ለሦስቱም እኩል ይሠራልን? ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አደጋ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደ ደነገገው፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ኀላፊው ባለ መኪናው ነው። ነጂው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለ ንብረቱ አይድንም፤ የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታው ነው። ነገር ግን የዚህ መድን ካሣ በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ለባለ መኪናው ለራሱ መኪና ጉዳትም አይከፍልም። የራሱን መኪና ለመጠበቅ የሚፈልግ ሙሉ መድን ይገባል።

የሙሉ መድን ውል እንደ ተለመደው ባለ ውሉንና በእርሱ ፈቃድ የሚነዳውን ሰው ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ነጂው ለመኪናው ዐይነት የሚሆን፣ ጊዜው ያላለፈበት መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የአውቶሞቢል ፈቃድ የያዘ ልጅ በአባቱ የጭነት መኪና ላይ ቢቀመጥ፣ ወይም ነጂው ሰክሮ ቢገኝ፣ ኩባንያው ካሣውን ሊከለክል ይችላል። ወጣት ወይም አዲስ ነጂ አደጋ ሲያደርስም ባለ ውሉ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ከፍ እንዲል የሚያደርጉ ውሎች አሉ። ለቤት አገልግሎት በተመዘገበ መኪና የሱቅ ዕቃ ማመላለስም ሌላው የክርክር ምንጭ ነው።

የንግድ ሕግ ቁጥር 667 እና 668 መድን ገቢው የሚያውቀውን እውነት ሁሉ እንዲገልጽ ያዛሉ፤ ሆን ብሎ የሚደብቅ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ ውሉን ሲያድስ በቤቱ መኪና የሚነዱትን ሁሉ ቈጥሮ፣ መንጃ ፈቃዳቸውን ተመልክቶ፣ የመኪናውንም እውነተኛ አገልግሎት ነግሮ መልሱን በጽሑፍ ይቀበላል። ለዓረቦን የሚጨመረው ገንዘብ፣ ለካሣ ሲባል ከሱቅ ካፒታል ላይ ከሚነሣው ይሻላልና።