በበረዶ ላይ የውሃ ቁጠባ

በሮቢትና በቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ እየተሳበ ለመስኖ ስለሚውል፣ የራያ ገበሬ ውሃ ከእግሩ ሥር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃውና ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ሲጠፋ ማሳው እንደሚደርቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ይኸው ችግር በምድር ደቡባዊ ጫፍ፣ 2,700 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የበረዶ ንጣፍ ላይ በቆመው በአሜሪካው አሙንድሰን-ስኮት የምርምር ጣቢያም አለ፤ የጣቢያው ነዋሪዎች በንጹሕ ውሃ ክምችት ላይ ተቀምጠው ገላቸውን የሚታጠቡት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ነዳጅ ነው፤ በረዶውን ማቅለጥም ውሃውን መሳብም ኃይል ይጠይቃል። የጄኔሬተሮቹ ትርፍ ሙቀት ያሞቀው ውሃ ወደ በረዶው ጥልቀት ይለቀቅና ዙሪያውን እያቀለጠ የውሃ ቋት ይፈጥራል፤ ከቋቱም በፓምፕ እየተሳበ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ይውላል፤ ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄዶ መሳቡ ሲያዳግት ሌላ ይከፈትና አሮጌው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1956 መጨረሻ ጀምሮ ሰው ተለይቶት የማያውቀው ይህ ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,835 ሜትር ላይ፣ ማለትም በደብረ ብርሃን ከፍታ ገደማ ይገኛል። ክረምቱ የዝናብ ሳይሆን የጨለማ ወቅት ነው፤ ፀሐይ በመጋቢት ጠልቃ እስከ መስከረም አትወጣም፣ ቅዝቃዜውም በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 ከዜሮ በታች 82.8 ደርሷል። በእንዲህ ያለ ብርድ የአውሮፕላን ነዳጅ ስለሚረጋ፣ በየካቲት የመጨረሻው በረራ ከሄደ በኋላ አርባ ያህል ሰዎች እስከ ጥቅምት ብቻቸውን ይቀራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2016 እንደሆነው ሕመምተኛ ለማውጣት ካልሆነ በቀር በመካከሉ አውሮፕላን አያርፍም።

ስለ ዋልታ ሲጻፍ ዝናው ለተመራማሪዎች መሰጠቱ የተለመደ ቢሆንም፣ የክረምቱን ሸክም የሚሸከሙት በአመዛኙ መካኒኮች፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኞች እንዲሁም ወጥ ቤቶች ናቸው። ከምርምሩ በኩል፣ አይስኪዩብ የተባለው ግዙፍ መሣሪያ 5,160 የብርሃን መቀበያዎች ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት ተቀብረውለት ኒውትሪኖን ይጠባበቃል፤ ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ ምድርን እንኳ ሳይነካካ ሰንጥቆ ሊያልፍ የሚችል ኢምንት ቅንጣት ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ከበረዶው ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረው ብልጭታ ነው የሚመዘገበው። ይህን ሁሉ መሣሪያ በክረምት የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሳህን ማጠብና ወለል መወልወል ግን በተራ ለሁሉም ይደርሳል፤ ሳይንቲስትነት ከዚህ አያድንም። ያለ አፈር በአምፖል ብርሃን ሰላጣና ቲማቲም የሚበቅልባት ትንሽ ክፍልም አለች፤ ነዋሪዎቹ ወደዚያ የሚገቡት ለቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ለብርሃኑና ለእርጥብ አየሩም ጭምር ነው።

ጄኔሬተሩን፣ የውሃ ጉድጓዱንና አምፖሉን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ በሙሉ የሚገባው በበጋ ብቻ፣ በአውሮፕላንና በበረዶ ላይ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጓዙ ትራክተሮች ነው፤ ከየካቲት በኋላ አንዲት ሊትር አትጨመርም።