ፈረስ ያሳከመ ኑዛዜ

ቶማስ ብራውን የተባሉ ሰው በ1852 ሲሞቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለለንደን ዩኒቨርሲቲ 20 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተናዘዙ። ለሰው የሚጠቅሙ እንስሳትና ወፎች የሚታከሙበት፣ በሽታቸውም የሚጠናበት ቦታ እንዲሠራበት ነበር። ኑዛዜው ሁለት ነገር አጥብቆ ያዝዛል። አንደኛ፣ የተቋሙ ኃላፊ በየዓመቱ ለሕዝብ በነጻ ትምህርት ይስጥ። ሁለተኛ፣ በ19 ዓመት ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ገንዘቡ ባሕር ተሻግሮ ደብሊን ይግባና ለቋንቋ ትምህርት ይዋል። ለእንስሳ የተተወ ገንዘብ በጎ አድራጎት ይባላል ወይ የሚል ሙግት ተነስቶ፣ ፍርድ ቤቱ በ1857 ይባላል ሲል ፈረደ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሲያመነታ ከርሞ በሩን የከፈተው በ1871፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሲል ነው።

ብራውን ተቋም የተባለው ይህ ቦታ በግቢው ፊት ለፊት የድሆችን ፈረሶች፣ አህዮችና ውሾች ያክም ነበር፤ ከኋላ ደግሞ ላቦራቶሪ ነበረው። ቪክቶር ሆርስሊ ስለ እንቅርት ዕጢ የመረመሩት፣ ቻርልስ ሸሪንግተን የኖቤል ሽልማት ከማግኘታቸው ከብዙ ዓመት በፊት የሠሩት እዚያ ነበር። በ1915 ደግሞ የተቋሙ ኃላፊ ፍሬድሪክ ትዎርት ባክቴሪያ ባበቀሉበት ሳህን ላይ እንደ መስተዋት የጠሩ ነጠብጣቦች አዩ። ባክቴሪያውን የሚበላ ከእሱ ያነሰ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች ለመውጋት ተስፋ የተጣለባቸው ቫይረሶች፣ ባክቴሪዮፋጅ የሚባሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጹት በዚያ ጽሑፍ ነው። ለታመመ ፈረስ የተተወ ገንዘብ እዚህ ያደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ታሪኩ መራራ ጎንም አለው። ለእንስሳት ከማዘን በተሰጠ ገንዘብ በቆመ ግቢ ውስጥ በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ሙከራ ይደረግ ነበርና የዘመኑ የእንስሳት ወዳጆች ተቋሙን አጥብቀው ተቃወሙት። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ሕንጻው በ1944 በጀርመን ቦምብ ፈረሰ፤ ጭቅጭቁ ግን እስካሁን አልፈረሰም።

ስለ እንስሳት ሕክምና በጎ አድራጎት ብዙ ሲነገር የምንሰማው ስለ ደግነት ነው። እኔን የሚገርመኝ የገንዘቡ አካሄድ ነው። ሰው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ዓይኑ ያየውን ቁስል ተከትሎ ነው፤ የተላጠ የአህያ ጀርባ፣ የሚያነክስ ፈረስ። ምርምርና ትምህርት ፎቶ የላቸውም። ስለዚህ የዘርፉ ታሪክ በአብዛኛው ለቁስሉ የተሰጠውን ገንዘብ እንዴት አድርጎ ወደ ላቦራቶሪውና ወደ መማሪያ ክፍሉ ማሻገር እንደሚቻል የብልሃት ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ግን ትምህርቱ ነበር። ፈረንሳይ በ1761 ሊዮን ላይ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በመንግሥት ድጋፍ ስታቋቁም፣ እንግሊዞች ነገሩን ለመዋጮ ተዉት። ሃምፕሻየር ውስጥ ኦዲሃም በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ የገበሬዎችና የባላባቶች ማኅበር በ1785 ጉዳዩን አነሳ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በ1791 የለንደኑ ኮሌጅ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ከሊዮን የመጡት ፈረንሳዊ ቪያል ደ ሳን ቤል ነበሩ። ሥራውን በያዙ በሁለት ዓመታቸው ሞቱና ኮሌጁ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ዛሬ ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ የሚባለው ያው ነው። ሳን ቤል ሬሳውን ሰንጥቀው ያጠኑት ኢክሊፕስ የተባለ ዝነኛ የሩጫ ፈረስ አጽሙ አሁንም ኮሌጁ ውስጥ ቆሟል። መዋጮው ያን ያህል ሰው የሳበበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያዋጡት ሰዎች ፈረስ ነበራቸው።

ፈረስ ከሌለው ሰው ወይም አህያውን ለማሳከም አቅም ከሌለው ድሃ ዘንድ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ማሪያ ዲኪን በ1917 በምሥራቅ ለንደን፣ ኋይትቻፕል ሰፈር፣ በአንድ ምድር ቤት የድሆችን እንስሳት በነጻ የሚያክም ክሊኒክ ከፈቱ። ወረፋው መንገድ ዘጋ። ዛሬ በብሪታንያ በምሕጻረ ቃል ፒዲኤስኤ የሚባለው ትልቅ ድርጅት የተነሳው ከዚያ ነው። የሙያው ሰዎች ግን አልተደሰቱም። በክሊኒኩ የሚያክሙት ሰዎች ዲፕሎማ የሌላቸው ነበሩ፤ ሐኪሞቹም የእንስሳው ሥቃይ በነጻ ሲታከም ሙያችን ይረክሳል፣ ገበያችንም ይሄዳል አሉ። የትኛው ስጋት ይበልጥ እንደነበር መገመቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። በ1948 የወጣው ሕግ ሙያውን ለተማረ ሰው ከለለው፤ ነጻ ክሊኒኮቹም የተማረ ሐኪም ወደ መቅጠር ሄዱ። ሐኪም ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልመናው በዛ።

ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ የተባሉ የጦር መኮንን ባለቤት በ1930 ካይሮ ሲገቡ ያዩት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሸጧቸው የሄደውን ፈረሶችና በቅሎዎች ነበር። አርጅተው፣ ታውረው፣ ድንጋይ ሲጎትቱ አገኟቸው። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ለሚታተም ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። የተላከው ገንዘብ 5 ሺህ የሚሆኑትን እንስሳት መግዣ ሆነ፤ አብዛኞቹ ከሥቃያቸው እንዲያርፉ ተደረገ። እሳቸው ያቋቋሙት የእንስሳት ሆስፒታል የተከፈተው በ1934 ነው። አንድ ነገር ልብ ይሏል። ወይዘሮዋ የግብፁን ባለጋሪ አልከሰሱም፤ ድሃ መሆኑን ያውቁ ነበርና እንስሳውን በዋጋው ይገዙት ነበር። ብሩክ የተባለው ድርጅት ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያም ይሠራል።

እንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ዋና ምንጭ ኑዛዜ ነው። ወራሽ የሌላቸው ወይም ያሏቸውን ወራሾች ብዙም ያልወደዱ አረጋውያን ቤታቸውን ለእንስሳት ድርጅት ይተዋሉ፤ ለበጎ አድራጎት የተተወ ሀብት የውርስ ግብር አይጣልበትም። በዴቨን የሚገኘው የአህዮች መጠለያ፣ ዶንኪ ሳንክቸሪ፣ አብዛኛውን ገቢ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኤሊዛቤት ስቬንድሰን በ1974 ግን ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ነገር ወረሱ፤ አንዲት ሴት ሞተው 204 አህዮች በኑዛዜ ተዉላቸው። አህያ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ገንዘብ ሰብሳቢ ከመሆን በቀር ምን ምርጫ አላቸው?

የዚህ ድርጅት ገንዘብ ደብረ ዘይት ሲደርስ ነው ነገሩ ለእኛ የሚቀርበው። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት። ውሃው፣ እህሉ፣ ከሰሉ፣ ጡቡ በአህያ ጀርባ ይሄዳል፤ በመንግሥት ዕቅድ ላይ ግን አህያ ለረጅም ጊዜ ስሟ አልነበረም። ሥጋዋ አይበላም፣ ወተቷ አይሸጥም፤ ክትባትና በጀት ለከብት ነበር። በ1979 በደብረ ዘይት በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት ፍስሐ ገብረአብና ባልደረቦቻቸው ከእንግሊዙ መጠለያ ጋር በመሥራት የአህያን የሆድ ትል ማጥናት ጀመሩ። የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው ወቅት፣ በስንት ጊዜ ልዩነት ቢሰጥ አህያዋ ሥጋ ታወጣለች? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ቀንድ ከብት ላይ ከተሠራው ጥናት ተገልብጦ የሚገኝ አይደለም። ሕክምና ፍለጋ የመጣችው አህያ ለጥናቱ መረጃ፣ ለተማሪው መማሪያ ሆነች። ብራውን በኑዛዜያቸው የሳሉት ግቢ በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን ማለት ነው።

የጋሪ ፈረስም እንዲሁ። በቆዳ ሥር እንደ ገመድ እየተጎነጎነ እባጭ የሚያወጣ፣ ቆይቶም የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ አለ። በ2006 በታተመ ጥናት በ28 ከተሞች ከታዩት ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች መካከል 19 በመቶ ገደማ በበሽታው ተይዘው ተገኙ። ለባለጋሪው ይህ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ነው። የበለጸገው ዓለም ግን በሽታውን ከረሳው ቆይቷል፤ የመድኃኒት ኩባንያ ባለጋሪን ደንበኛዬ ብሎ አይመራመርለትም። በ1923 በሰሜን አፍሪካ እናትና ልጅ የጀመሩትን ስፓናን የመሰሉ ድርጅቶች ዋጋቸው እዚህ ጋ ነው፤ ገበያም መንግሥትም ዞር ብለው ያላዩትን ቦታ ይይዛሉ።

አገራችን ለእንስሳ ማዋጣትን ከፈረንጅ ተማረች ማለቴ ግን አይደለም። በአንዳንድ አካባቢ የከብት ዕድር አለ፤ በሬ የሞተበት አባል ከሌሎቹ መዋጮ ያገኛል። እግሩ የተሰበረ በሬ ሲታረድ ጎረቤት ቅርጫውን የሚገባው ሥጋ ስላማረው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ሌላ በሬ እንዲገዛ ነው። ልዩነቱ፣ ይህ መዋጮ የሚደርሰው በሬው ካለቀለት በኋላ መሆኑ ነው። የሚያድነው ሰውየውን እንጂ በሬውን አይደለም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ይዛለች። ማርክ ሞሪስ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም የአንድ ዓይነ ስውር መሪ የነበረች ቡዲ የተባለች ውሻን የኩላሊት ሕመም በምግብ ለማስታገስ ይሞክራሉ። ምግቡ ቆይቶ በፋብሪካ ተመርቶ ገበያ ወጣ፤ ሐኪሙም ከሽያጩ በሚደርሳቸው ገንዘብ በ1948 የምርምር ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በሩዋንዳ ተራሮች ጎሪላዎችን የሚያክም የሐኪሞች ቡድን በ1986 ሥራ የጀመረው በዚሁ ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው። ከ2012 ወዲህ ደግሞ 3,044 ጎልደን ሪትሪቨር ውሾችን ከልጅነት እስከ ሞት እየተከታተለ ካንሰር ለምን እንደሚበዛባቸው ያጠናል። እንዲህ ያለ ጥናት ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለዓመታዊ ሪፖርት አይመችም፤ ለፖስተርም አይመችም። ትዕግሥት ያለው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ማለትም ዋናው ተቀምጦ ትርፉ ብቻ የሚበላበት፣ ወይም ሰጪው "ለዚህ ብቻ" ብሎ ያላሰረው ገንዘብ።

ትዕግሥት ያለው ገንዘብ ሲታጣ ምን እንደሚሆን በእንግሊዟ ኒውማርኬት ታይቷል። አኒማል ኸልዝ ትረስት በ1942 ተመሥርቶ በብሪታንያ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛን የሚከታተል ዋና ላቦራቶሪ ሆነ። በየካቲት 2019 ወረርሽኙ ሲነሳ የአገሪቱ የፈረስ እሽቅድምድም ለስድስት ቀን ቆመ፤ ናሙናዎቹን መርምሮ በሽታው መኖሩን ያረጋገጠው ይኸው ላቦራቶሪ ነበር። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ በሐምሌ 2020፣ ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ። በቢሊዮን የሚንቀሳቀስበት የእሽቅድምድም ኢንዱስትሪ ዘበኛው በልመና እንዲኖር ትቶት ነበር ማለት ነው። ክትትሉ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ገንዘቡም ከውርርድ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ይመጣ ጀመር። ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?

የበጎ አድራጎት ገንዘብ ወሰኑ እዚህ ይታየኛል። አዲስ ነገር ይጀምራል፣ የተረሳውን ያነሳል፤ የአገርን በር መጠበቅ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ጣሊያኖች በ1887 ምጽዋ ላይ ካወረዷቸው ከብቶች ጋር የገባው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀንን አመጣ። ያ በሽታ ከምድር ገጽ ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2011 ነው። ያጠፋው የሳንቲም ሳጥን አይደለም። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሠሩት ክትባት፣ የአገሮች በጀትና አፋር ውስጥ ክትባቱን በእግራቸው ያዳረሱ የአርብቶ አደር ልጆች ናቸው።

መዋጮው አንዳንዴ ሕክምናም ምርምርም ያልሆነ ሥራ ይሠራል። የአህያ ቆዳ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት መፈለጉ አፍሪካን ሲያራቁት፣ ቢሾፍቱ (ያችው ደብረ ዘይት) ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ በ2017 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዶንኪ ሳንክቸሪ ስለ ንግዱ ያወጣው ሪፖርት ነገሩን በየመንግሥታቱ ጠረጴዛ አኖረው፤ በየካቲት 2024 አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ለቆዳዋ አህያ ማረድን ለማገድ ተስማሙ። ክሊኒክ ስንት አህያ ያክማል? አንድ ውሳኔ ሚሊዮኖቹን ይመለከታል። ለጋሹ ግን ለጠበቃና ለሪፖርት ጸሐፊ ስጥ ቢሉት ፊቱን ያዞራል።

ባሌ ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ለአቅመ አዳም የደረሱት 500 አይሞሉም። በ2003 ከእረኞች ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በ1995 የተጀመረውና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚደግፈው የጥበቃ ፕሮግራም ሁለት ሥራ ይሠራል። ከ2018 ጀምሮ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ በሌሊት፣ በፈረስ ጀርባ፣ ቀበሮዎቹ በሚያድሩበት ይበተናል። ቀን ቀን ደግሞ ሐኪሞቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ። ለንደን ላለው ለጋሽ በሚላከው ካርድ ላይ ቀይዋ ቀበሮ በሣር መሐል ቆማ ትታያለች፤ መርፌው የሚወጋው ግን የእረኛውን ውሻ ነው።