የደረጃው መብራት ለምን ይጠፋብናል?

ስማርት ቤት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በድምፅ ወደሚታዘዝ አምፖል፣ በስልክ ወደሚከፈት በር፣ ቀለሙን ወደሚቀያይር መብራት ነው። ለእንግዳ የሚታየውም እሱ ነው። ስልክ ከኪስ አውጥቶ፣ የይለፍ ቁጥር አስገብቶ፣ አፕሊኬሽን ፈልጎ መብራት ማብራት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ከመጫን የረዘመ መንገድ ነው እንጂ ለኔ ብልህነት አይደለም። ቤትን የምር ብልህ የምታደርገው ማንም የማያሞግሳት፣ ኮርኒስ ላይ ተለጥፋ አቧራ የምትጠጣው ነጭ ጉብታ ናት፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰር። ሁለት እጅዎ ዕቃ ይዞ ደረጃ ሲወጡ፣ ሌሊት ውኃ ሊጠጡ ሲነሡ፣ ማንም ሳያዛት ታበራለች፤ ሲሄዱም ታጠፋለች። ዋጋዋም ከአብዛኛው የስማርት ቤት ዕቃ ያነሰ ነው።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልጨርሰው። የማወራው ፒአይአር ስለምትባለውና በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስለምትታየው ዓይነት ነው። ሦስት ሽቦ ትፈልጋለች፦ ፌዝ፣ ኒውትራልና ወደ አምፖሉ የሚሄድ። አብዛኞቹ ላይ ትንንሽ ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱ መብራቱ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አንዱ ምን ያህል ሲጨልም ሥራ እንደምትጀምር፣ አንዱ ምን ያህል ርቀት እንደምትደርስ ይወስናል። ግድግዳ ላይ ከሆነች ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ይስማማታል። ይኸው ነው።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ። ስለዚች ሴንሰር የማይወራ የለም። ሕንፃችን ደረጃ ላይ በተገጠመች ሰሞን አንዲት ትልቅ ሴት፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ስንወጣ ስንገባ ያየናል አሉ። ምስሉን ለማን ነው የሚልከው?» አሉኝ። «እማማ፣ ካሜራ አይደለችም፤ ፎቶ አታነሣም» ብላቸው «ታዲያ ሳታየኝ እንዴት አወቀችኝ?» ብለው አፋጠጡኝ። ከገጠማት ሰው የተሻለ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሌላው ጎረቤቴ ደግሞ ጨረር ትረጫለች ብሎ ልጆቹ ሥሯ እንዳይቆሙ ይከለክላል። ምንም አትረጭም። ትቀበላለች እንጂ አትልክም።

የምትቀበለው ሙቀት ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ያወጣል። ቆዳችን 33 ወይም 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ከኛ የሚወጣው ብርሃን የሚበረታው በ9 እና በ10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት መካከል ነው። ሴንሰሯ ውስጥ ያለው ቁራጭ ክሪስታል ይህ ብርሃን ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲለወጥም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጠባዩ የዛሬ ግኝት አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የደች ነጋዴዎች ከሴይሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ ቱርማሊን የተባለ ድንጋይ ወደ አውሮፓ ያመጡ ነበር። ድንጋዩ ሲሞቅ አመድ ይስባል፤ እነሱም የትምባሆ ፒፓቸውን አመድ ያወጡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ስኮትላንዳዊው ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር ለጠባዩ ፓይሮኤሌክትሪሲቲ የሚል ስም ሰጠው። ኮርኒሳችን ላይ ያለው የዚያ ድንጋይ የሥጋ ዘመድ ነው።

ሙቀቱ «ሲለወጥ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሙቀቱ ባለበት ከቆየ ክሪስታሉ ዝም ይላል። በዚያ ላይ ክሪስታሉ አንድ ሳይሆን ጥንድ ነው፤ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተያያዙ ቀኑ ሞቆ ክፍሉ በሙሉ ሲግል ሁለቱም እኩል ይግሉና የአንዱ ምልክት የሌላውን ያጠፋዋል። ድምፅ የሚያሰማው አንዱ ከሌላው ሲቀድም ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ክዳን የሚመስለው ነጩ ጉብታ ደግሞ ሌንስ ነው። ኦገስቲን ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1823 ኮርዱዋን በተባለው የባሕር መብራት ማማ ላይ ያስገጠመው ዓይነት ሌንስ፣ አሁን ወተት ከሚመስል ፕላስቲክ ተሠርቶ። ብዙ ትንንሽ ሌንሶች ተደርድረውበታል፤ ክፍሉን ከሴንሰሯ እየተነሡ እንደ ማራገቢያ በሚዘረጉ ሰንበሮች ይከፋፍሉታል፤ በሰንበሮቹ መካከል የማይታይ ክፍተት አለ። በጭራሮ አጥር መንገድ የሚያይ ልጅ ያስቡ። አጥሩን ታኮ የሚያልፍ ሰው ብልጭ ድርግም ይልበታል፤ ፊት ለፊት ወደ አጥሩ የሚመጣ ግን አንዷ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ እየገዘፈ ይመጣል እንጂ ብልጭ አይልም። ሴንሰሯም እንዲሁ ናት። ከሰንበር ወደ ሰንበር የሚሻገር ሙቀት ሲመጣ አንዱ ክሪስታል ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይሞቃል፤ ያኔ ታበራለች። ቀጥ ብሎ ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ግን ሥሯ እስኪደርስ ላታውቀው ትችላለች።

ስለዚህ የኮሪደር ሴንሰር ከሚገቡበት በር ትይዩ፣ ጫፍ ላይ የምትሰቅሉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ አትስቀሏት። ሰው የሚያልፍባት ጎን ላይ አድርጓት። «ዕቃው አይረባም» እየተባለ ከሚመለሰው ውስጥ ብዙው፣ በኔ ግምት፣ አሰቃቀሉ ያልረባ ነው።

ሌላውም ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚችው ከሙቀት ነገር ነው። መስኮት ላይ አስቀምጠዋት በመስታወቱ ውስጥ ግቢውን እንድትጠብቅ የሚፈልጉ አሉ። መስታወት ለኛ ዓይን ክፍት ቢሆንም ለዚህ ኢንፍራሬድ ግድግዳ ነው። ዝናብ እንዳያገኛት ብለው ወፍራም ፕላስቲክ የሚያለብሷት፣ ቤቱ ሲቀባ ሌንሱንም አብረው የሚቀቡላትም አሉ፤ ቀለም የተቀባች ሴንሰር ዕውር ናት። ምጣድ ወይም ምድጃ ፊት ለፊት የተሰቀለችው ደግሞ ሰው በሌለበት ልታበራ ትችላለች፤ የሞቀ አየርና እንፋሎት ሲወዛወዝ ይሞቅባታል፣ ይቀዘቅዝባታል።

አገሩም ልዩነት አለው። አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በሐምሌ ማታ ሰው ከግድግዳው በብዙ ዲግሪ የሞቀ ስለሚሆን ጎልቶ ይታያታል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ፣ ግድግዳው ራሱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ሰዓት፣ ሰው ለሷ ከኋላው ካለው ግድግዳ ብዙም አይለይም። ዱባይ ላለ ዘመድ ቤት ገዝተው «በሙቀቱ ወራት ሰው እያለፈ ዝም ትላለች» የሚሉ ወገኖቻችንም ዕቃ ባይቀይሩ ይሻላል፤ ሴንሰሯን ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ያስገቧት።

ከሁሉ የሚያስጮኸው ግን የመጸዳጃ ቤቱ ነው። ሰው ተቀምጦ ሳለ መብራቱ ድርግም ይላል፤ ከዚያ በጨለማ እጅ ማወራጨት። እየሠራች ነው፣ አልተበላሸችም። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለሷ የለም። ጥፋተኛው የቆይታ ጊዜውን ዝቅተኛው ላይ ያደረገው ሰው ነው፤ ሲጠየቅ «መብራት ለመቆጠብ ነው» ይላል። እስቲ እናስላው። 9 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ አምፖል 5 ደቂቃ ተጨማሪ ቢበራ የሚፈጀው 0.75 ዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ ያንኑ አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ለዚያች ለአንድ ሰከንድ ብሎ ሽማግሌ ደረጃ ላይ በጨለማ የሚያስቀር የሕንፃ አስተዳዳሪ ቆጣቢ አይባልም። መብራት በፍጥነት ይብራ፣ በዝግታ ይጥፋ፤ የዚህ ሙያ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

ሴንሰሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቤት ላለው ሰው ደግሞ እጅግ የምወደው ብልሃት አለ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ መከፈት መዘጋቱን የሚያውቅ ትንሽ ማግኔት ያለው ሴንሰር ይጨመራል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ እንቅስቃሴ አንዴ ከታየ፣ ሰው አለ ማለት ነው፤ በሩ እስኪከፈት ድረስም አለ። ሌላ መውጫ የለውምና። የፈለገውን ያህል ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፣ መብራቱ አይነካም። በሩን ክፍት ትቶ መግባት በለመደ ቤተሰብ ግን አይሠራም፤ ያንን ሶፍትዌር አያስተካክለውም።

በቅርብ ዓመታት የራዳር ሴንሰር መጥቶ ይህችኛዋን አሮጌ አስብሏታል። ብዙዎቹ በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራሉ፤ እሱ በእርግጥም ሞገድ ይልካል፤ የሚመለሰውን እያነበበ ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ሳይቀር ይለያል። ለሚያነብ፣ ለሚጽፍ፣ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ግሩም ነው። ግን መጋረጃ ሲወዛወዝም ያበራል፤ በጂፕሰም ግድግዳ አልፎ የጎረቤት ክፍል ውስጥ ያለውንም ይቆጥራል። የሚሻለው ማጣመር ነው፤ ማብራቱን ለፒአይአር፣ አብርቶ ማቆየቱን ለራዳሩ መስጠት። ደረጃና ኮሪደር ላይ ማንም ስለማይቀመጥ ራዳር የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

በባትሪ ስለሚሠሩት ሁለት ቃል። ፒአይአር የምትጠጣው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ስለሆነ በአንዲት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ከዓመት በላይ የሚሠሩ ዓይነቶች አሉ፤ መብራት ቢሄድም ሴንሰሯ ነቅታ ትጠብቃለች። አንዳንዶቹ ባትሪ ለመቆጠብ አንዴ ካዩ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚተኙ የቆይታ ጊዜውን ከዚያ በታች ማድረግ አይገባም። «እንቅስቃሴ ካለ አብራ» የሚለው ትእዛዝም ቤት ውስጥ ባለ መሣሪያ ላይ ይሁን፤ ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ይሆናል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ደረጃው የሚጨልም ቤት ውስጥ መኖር አልፈልግም።

በመስመር የምትሠራዋ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ እስክትረጋጋ አንድ ደቂቃ ገደማ ትፈልጋለች፤ ብዙዎቹም በዚያ ጊዜ አምፖሉን ያበሩታል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሲመጣ የደረጃው አምፖሎች ሁሉ አንድ ላይ ቢበሩ ሌባ አይደለም፣ ጂንም አይደለም።

ቤት እየሠሩ ወይም እያደሱ ላሉ አንድ ነገር ልለምን። እኛ አገር ብዙ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ፌዙና ወደ አምፖል የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ ኮርኒስ ላይ ይቀራል። ያለ ኒውትራል በማብሪያው ቦታ የሚገጠመው ሴንሰር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በአምፖሉ በኩል ስለሆነ ኤልኢዲ አምፖል ሊያብለጨልጭ ወይም ጠፍቶም ፈዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ለኤሌክትሪሺያኑ በየሳጥኑ ኒውትራል እንዲያስገባ ይንገሩት። አሁን የአንድ ሽቦ ዋጋ ነው፤ በኋላ ግን ልስን ማፍረስ ነው።