የኢሜይል ደብዳቤ በእጅ ስልክ ላይ ሳይታይ ሲቀር

የንግድ ሥራ ያለ ደብዳቤ እንደማይካሄድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአሁኑ ዘመን ደብዳቤው በኢሜይል ስለሚላክ፥ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም የሚያነበው በአብዛኛው ከእጁ በማይለየው ስልክ ላይ ነው። ታዲያ ስልኩ አዲስ ደብዳቤ ማምጣቱን ሳይታወቅ ያቋረጠ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ «ዛሬ የጻፈ የለም» ብሎ ተዘልሎ ሲቀመጥ ቀነ ገደብ ያለው ጉዳይ ያልፍበታል።

ለምሳሌ ያህል በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሠራን አንድ ቡና ላኪ ማሰብ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው ደንብ፥ በክሬዲቱ ላይ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር፥ የጭነት ሰነዶች ዕቃው ከተጫነ በኋላ ባሉት 21 ቀኖች ውስጥ ለባንክ እንዲቀርቡ ያዛል። በሰነዱ ላይ ስሕተት መገኘቱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ በስልኩ ሳይታይ ሦስት ቀን ቢያልፍ፥ ለማረሚያ የሚቀረው ጊዜ ምን ያህል እንደሚያጥር ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

የኢሜይል አሠራር ከፖስታ ሣጥን ጋር ይመሳሰላል። የተላከው ደብዳቤ በመጀመሪያ የሚያርፈው አገልግሎቱን በሚሰጠው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ እንደ ተላላኪ ሆኖ በሰርቨሩ ያለውን ወደ ራሱ ያመጣል፤ ይህም ሲንክ ወይም ማመሳሰል ይባላል። ተላላኪው ስለ ቀረ ሣጥኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው በኮምፒዩተር ወይም በስልኩ የኢንተርኔት ማሰሻ ገብቶ ሣጥኑን ራሱን መመልከት ነው። ደብዳቤው በዚያ ከተገኘ ችግሩ የስልኩ ነው፤ አስቸኳዩንም ጉዳይ እዚያው አንብቦ መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቀጥለው የተጻፉትን በተራ መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ መስመሩ። የዳታ ጥቅሉ ማለቁን፥ ሌላ ገጽ የሚከፈት መሆኑን ማየት፤ ስልኩንም አጥፍቶ ማብራት።

2ኛ፤ የቁጠባ ትእዛዝ። ባትሪ ወይም ዳታ ለመቆጠብ የተሰጠ ትእዛዝ፥ ባለቤቱ መተግበሪያውን እስኪከፍት ድረስ ደብዳቤ እንዳይመጣ ሊያደርግ ይችላል። ለኢሜይሉ መተግበሪያ ብቻ ፈቃድ መስጠት ይበቃል።

3ኛ፤ ሲንክ መዘጋቱ። በአንድሮይድ ስልክ በሴቲንግ ውስጥ በአካውንቱ ሥር ሲንክ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። በአይፎን የራሱ የሜይል መተግበሪያ ደግሞ ደብዳቤ የሚመጣበት መንገድ «ማንዋል» ተብሎ ከሆነ፥ ባለቤቱ ካልጠየቀ በቀር አይመጣም።

4ኛ፤ ቀንና ሰዓት። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲነበብለት ብሎ የስልኩን ቀን በእጁ የለወጠ ሰው፥ ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ፥ ስልኩ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጸና መስሎት ግንኙነቱን ይከለክላል። ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ይሻላል።

5ኛ፤ የይለፍ ቃል። በኮምፒዩተር የተለወጠ የይለፍ ቃል በስልኩም መለወጥ አለበት። ከዚህም ሌላ ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022፥ ማይክሮሶፍትም ለድርጅቶች በሚሰጠው አገልግሎት ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፥ በይለፍ ቃል ብቻ የሚገባበትን አሮጌ መንገድ መዝጋት ስለ ጀመሩ፥ ያረጀ መተግበሪያ ትክክለኛውን ቃል ቢሰጠውም ሊከለከል ይችላል። መተግበሪያውን ማደስ፥ ወይም የኩባንያውን የራሱን መተግበሪያ መጫን መፍትሔ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሳካ፥ አካውንቱን ከስልኩ አጥፍቶ እንደገና ማስገባት ይቀራል። በዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይማፕ በተባለው አሠራር ደብዳቤው በሰርቨር ስለሚቀመጥ ተመልሶ ይመጣል። ፖፕ በተባለው ቀደምት አሠራር ግን ደብዳቤው ወደ ስልኩ ከወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ሊጠፋ ስለሚችል፥ አካውንቱን የሚያጠፋ ሰው የብዙ ዓመት ውሉንና ደረሰኙን አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። በማሰሻ ያልታየ ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ ሊገለበጥ ይገባዋል።

ደብዳቤው በሰርቨሩም ላይ ካልተገኘ ግን ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። በመጀመሪያ «ስፓም» የሚባለውን ክፍል፥ ቀጥሎም የቦታውን መሙላት መመልከት ነው፤ በጂሜይል የሚሰጠው ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን፥ ፎቶግራፎችና ሌሎች ፋይሎችም ይጋሩታል። በመጨረሻ ባለቤቱ ያላዘዘው የማስተላለፊያ ወይም የማጣሪያ ትእዛዝ በአካውንቱ መኖሩን መመርመር ይገባል። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው የባንክንና የደንበኛን ደብዳቤ ወደ ራሱ አዙሮ፥ ክፍያ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲገባ የሚጽፍበት ጊዜ አለና። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከተገኘ፥ ሰርዞ የይለፍ ቃሉን ወዲያው መለወጥ፥ ለባንኩና ለደንበኛውም ቀድሞ በታወቀው የስልክ ቁጥር ደውሎ ማስታወቅ ነው።

ጠንቃቃ ነጋዴ የስልኩን ዝምታ ለመልካም ዜና አይቆጥረውም። በየማለዳው አንድ ጊዜ ሣጥኑን በማሰሻ የሚመለከት፥ የሚጠብቀው ደብዳቤ በቀኑ ያልደረሰው እንደ ሆነም ለላኪው የሚደውል ሰው፥ ስልኩ ቢቆምበት እንኳ ንግዱ አይቆምበትም።