ያልተጠራ መራጭ

እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በተካሄደው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ 158 ሚሊዮን ያህል ሰው ድምፁን ሰጥቷል። የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ 66 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው፤ ከ1900 ወዲህ እንዲህ ያለ ተሳትፎ ታይቶ አያውቅም። በዚህ በደጉ ዓመት እንኳ መብቱ እያለው ከቤቱ ያልወጣው ሕዝብ ወደ 80 ሚሊዮን ይጠጋል። አሸናፊው ጆ ባይደን ካገኙት ድምፅ ጋር የሚተካከል ቁጥር ነው። ፕሬዚዳንት ባልተመረጠበት በ2014 ደግሞ ለኮንግረስ ምርጫ የወጣው ሰው 37 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከንቲባና የትምህርት ቦርድ አባላት ለብቻቸው ሲመረጡማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህም ያንሳል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ስንፍና ነው፣ ግዴለሽነት ነው ይላል። መልሱ አጭር ስለሆነ ይጥማል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በ2024 በዊስኮንሲን ከአራት ባለመብት ሦስቱ ያህል ሲመርጡ፣ በሃዋይ የመረጠው ግማሽ ገደማ ነው። የዊስኮንሲን ሰው ከሃዋይ ሰው የበለጠ ትጉህ ሆኖ ተፈጥሯል የሚል ካለ ይቅረብ። ዊስኮንሲን ማን እንደሚያሸንፍባት የማይታወቅ ግዛት ናት። እጩዎች ይመላለሱባታል፣ ቀስቃሾች በር ያንኳኳሉ፣ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። የሃዋይ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የሚለምናት የለም። ክርክሬም ይኸው ነው፦ ከማይመርጠው ሕዝብ ብዙው የሚቀረው የሚጠራው ስላጣ ነው።

አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ይህን በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ ፈትነውታል። 30 ሺህ ገደማ የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ለዩና ለአንዳንዱ ሰው በሩ ድረስ ላኩ፣ ለአንዳንዱ በፖስታ ጻፉ፣ ለአንዳንዱ በስልክ አስደወሉ፣ ሌላውን ምንም ሳይሉት ተዉት። ፊት ለፊት የተነጋገሩት በጉልህ በዝተው መረጡ። ደብዳቤው ጥቂት ጨመረ፤ ስልኩ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ በር ማንኳኳት ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ፓርቲዎች የማን በር ያንኳኳሉ? ማን እንደመረጠ እንጂ ማንን እንደመረጠ የማይናገር መዝገብ በእጃቸው አለ። ገንዘብና ጉልበታቸውን የሚያፈሱትም በአብዛኛው ቀድሞ በመረጠው ሰው ላይ ነው። ገና አንድ ጊዜም ያልመረጠው ወጣትና በየዓመቱ ቤት የሚቀይረው ተከራይ ይዘለላሉ። ስላልተጠሩ አይመርጡም፣ ስላልመረጡ ለሚቀጥለውም አይጠሩም። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው በእኛም ዘንድ አይወደስም።

መንግሥትም ቢሆን ጥሩ ጠሪ አይደለም። በብዙ አገር ዕድሜው የደረሰውን ዜጋ የሚመዘግበው መንግሥት ሲሆን፣ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ዜጋው ራሱ መመዝገብ፣ ቤት ሲቀይርም አዲሱን አድራሻ ማስመዝገብ አለበት። የምርጫው ቀን በ1845 በወጣ ሕግ ማክሰኞ ሆኖ ቀርቷል፤ የሥራ ቀን ነው። (ዛሬ በብዙ ቦታ ቀድሞ መምረጥ ስለሚቻል ይህ እንደ ድሮው አይከብድም።) ሚኔሶታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብን ፈቅዳለች፤ በተሳትፎም ብዙ ጊዜ ከአገሩ ፊት ናት። አውስትራሊያ ዘንድ ጥሪው ትእዛዝ ነው። በ1922 ከተመዘገበው ሕዝብ 60 በመቶ እንኳ አልመረጠም ነበር። በ1924 ምርጫ በሕግ ግዴታ ሆነና በ1925 ተሳትፎው ከ91 በመቶ በላይ ደረሰ። በአገር አቀፍ ምርጫ ለቀረ ሰው ቅጣቱ 20 ዶላር ነው፤ በ20 ዶላር የሚደኸይ የለም።

ዝምታ እርካታ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ቤቱ የሚቀረው ኑሮ የተመቸው ሰው በሆነ ነበር። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መረጃ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ገቢና ትምህርት ከፍ ባለ ቁጥር የሚመርጠው ይበዛል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ የሬይመንድ ዎልፊንገርና የስቲቨን ሮዘንስቶን ነው። በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የሚመርጠውና የማይመርጠው በፖለቲካ አመለካከት ብዙም አይለያዩም ብለው ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ሰው ቢቀርስ ምን ይጎድላል? ጃን ሌይሊና ጆናታን ናግለር ጉዳዩን እንደገና መርምረው በ2013 ሲያሳትሙ ግን ልዩነቱን ኪስ ላይ አገኙት። መንግሥት ለድሃው ምን ያድርግ በሚለው ጥያቄ ላይ የማይመርጠው ሕዝብ ከመራጩ ይልቅ እርዳታን ይደግፋል። የቀረው ሲቀር የሚቀርበት ነገር አለ ማለት ነው።

አውቀው የሚቀሩም አሉ። በ2016 ተመዝግበው ካልመረጡት ሩብ ያህሉ እጩዎቹን ወይም የቀረቡትን ጉዳዮች አልወደድንም ብለዋል። ለእነዚህ የእኔ ክርክር አይሠራም፤ ውሳኔያቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ተቃውሟቸው ታሞ ከቀረውና ቀኑን ከረሳው ሰው ጋር አንድ ላይ ይደመራል። ኔቫዳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ከእነዚህ እጩዎች ማንንም» የሚል አማራጭ በድምፅ መስጫው ላይ አስፍራለች። እዚያ የከፋው ሰው መከፋቱ ይቆጠርለታል።

የአሜሪካ ዜግነት ላገኙ ወገኖቻችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የምርጫ ወረቀት እንዲተረጎም የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የነባር አሜሪካውያንንና የአላስካ ተወላጆችን ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢበዛ በዚያ ሕግ አይጠራም። የዋሽንግተን ከተማ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መረጃ ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሌላውም ግዛት ቢሆን ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ገብቶ መታገዝ ይችላል፤ የፌዴራል ሕጉ የሚከለክለው አሠሪውን ወይም የአሠሪውን ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩን ኃላፊ ወይም ወኪል ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው የሚቀናችሁ ልጆች፣ ምርጫው ሲደርስ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስትወጡም የጎረቤቱን በር አንኳኩ።